ከታች ወደ ላይ፦ የባሮክን የመሣሪያ ሙዚቃ እንዴት እናዳምጥ?

ዘፈን ስንሰማ መጀመሪያ የምንይዘው ግጥሙን ነው፤ ከግጥሙ ቀጥሎ የዘፋኙን ዜማ። ግጥም የሌለው፣ ሦስትና አራት ዜማ በአንድ ጊዜ የሚሄድበት ሙዚቃ ሲገጥመን ግን ጆሯችን የሚጨብጠው ያጣል። በአዲስ አበባ ሴሎ አስተምራለሁ፤ አዳዲስ ተማሪዎች ስለ ባሮክ ሙዚቃ ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አንድ ነው፦ «ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም ይመሳሰላል።» የሚመሳሰለው ከላይ ያለውን ብቻ ስለሚሰሙ ነው። ከታች ያለውን ድምፅ፣ ቤዙን፣ መከተል ከጀመሩ በኋላ ግን ሁለት ሥራዎችን አምታቶ የሚያወራኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ባሮክ የምንለው በግርድፉ ከ1600 እስከ 1750 የተሠራውን የአውሮፓ ሙዚቃ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመሣሪያ ሙዚቃ የዘፈንና የጭፈራ አጃቢ ከመሆን አልፎ በራሱ እግር የቆመው በዚህ ዘመን ነው። ከጣሊያን እስከ እንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ እስከ ጀርመን የነበሩት ደራሲዎች በብዙ ነገር ይለያያሉ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ሙዚቃውን በቤዝ ላይ መሥራታቸው ነው። ስለዚህ ማዳመጥንም ከዚያው እንጀምራለን።

ከሁሉ በፊት የጆሮ ማዳመጫ

በስልክ ድምፅ ማጉያ ባሮክ አታዳምጡ። የሴሎ ወፍራሙ አውታር በሴኮንድ 65 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የስልክ ትንሿ ድምፅ ማጉያ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ በደንብ አታወጣውም። ቫዮሊኑ ይሰማችኋል፣ ከሥሩ ያለው ግን ይጠፋል። ርካሽም ቢሆን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ሌላ ሥራ እየሠራችሁም አትስሙ። ይህን ሙዚቃ «ለእንቅልፍ»፣ «ለጥናት» እያሉ በሰዓታት ርዝመት የሚያጠራቅሙት ቅጂዎች ያሳዝኑኛል፤ በትኩረት እንዲሰማ የተሠራን ነገር መጋረጃ አድርገውታል። በቀን አምስት ደቂቃ በሙሉ ልብ መስማት ይሻላል።

ስምንት ኖታዎች

የመጀመሪያው ልምምድ የዮሐን ፓኼልቤል «ካኖን» ይሁን። በሠርግ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚሰማ ዜማው አዲስ አይሆንባችሁም። እናንተ ግን ዜማውን ለጊዜው ተዉት። ሴሎው ስምንት ኖታዎች አሉት፦ ሬ፣ ላ፣ ሲ፣ ፋ ዳይዝ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ። ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል። ይህችኑ ሐረግ 28 ጊዜ ይደጋግማል፤ በመካከል አንዲትም ኖታ አይለውጥም።

በመጀመሪያው ማዳመጥ ስምንቱን ኖታዎች ብቻ አንጎራጉሩ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይለፍ። በሁለተኛው ማዳመጥ ቫዮሊኖቹን ጨምሩ። ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ቤዙ አንድ ጊዜ ከዞረ በኋላ ይገባል፣ ሁለተኛው ከአንድ ዙር በኋላ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ከአንድ ዙር በኋላ። ሦስቱም የሚጫወቱት አንድ ዜማ ነው፤ አንዱ ያለውን ሌላው ተከትሎ ይለዋል። ቤዙን ይዛችሁ ከሆነ የሦስቱን አገባብ ያለ ጥርጥር ታውቃላችሁ፤ ካልያዛችሁ ደስ የሚል የድምፅ ጭጋግ ብቻ ይሆንባችኋል። ብዙ ዘመናዊ ቅጂዎች በጣም አዝግመው ይጫወቱታል፤ ፈጠን ያለውን ፈልጉ። ሲፈጥን ቤዙ የጭፈራ ምት እንዳለው ይገለጣል።

እንዲህ ባለ ተደጋጋሚ ቤዝ ላይ የተሠሩ ቁርጥራጮች ብዙ ናቸው። ሻኮን ወይም ፓሳካሊያ የሚል ስም ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። የዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የኦርጋን ፓሳካሊያ፣ በዶ ማይነር የተሠራው፣ የሚጀምረው በእግር ነው፤ የኦርጋን ተጫዋች ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ከሥር የተዘረጉትን የእንጨት መርገጫዎች በእግሩ እየረገጠ ነው። ጭብጡ ለብቻው፣ ያለ አንዳች አጃቢ፣ ከእግር ሥር ይመጣል። ከዚያ 20 ጊዜ እየተለዋወጠ ይሄዳል። ካኖኑን የለመደ ጆሮ ይህንን ለመከተል አይቸገርም።

ቤዙን የሚጫወተው ማን ነው?

ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ባሶ ኮንቲኑዎ የሚባል አሠራር አለ፤ የባሮክ ሙዚቃ ምሰሶ እሱ ነው። ደራሲው የሚጽፈው የቤዙን መስመርና ከኖታዎቹ አጠገብ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። ሴሎ፣ ቪዮላ ዳ ጋምባ (ሴሎ የሚመስል በደጋን የሚጫወቱት መሣሪያ) ወይም ባሱን (ዝቅተኛ ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) የሚጫወተው ሰው መስመሩን እንዳለ ይጫወታል። አጠገቡ ያለው የሃርፕሲኮርድ፣ የኦርጋን ወይም የቴዎርቦ (አንገቱ ረጅም የሆነ፣ አውታሩ በጣት የሚቆነጠር መሣሪያ) ተጫዋች ደግሞ ያንኑ መስመር ይዞ ቀሪውን ኮርድ፣ ማለትም ከቤዙ ጋር በአንድ ላይ የሚሰሙትን ድምፆች፣ ከራሱ ይሞላል። ቁጥሮቹ ምልክት ናቸው፦ 6 የሚል ካለ ከቤዙ ኖታ ወደ ላይ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ ጨምር ማለት ነው፤ ቁጥር ከሌለ ሦስተኛውንና አምስተኛውን። ኮርዱን በትኖ ይጫወተው፣ አጥብቦ ይጫወተው፣ ትንሽ ዜማ ይጨምርበት የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ለዚህ ነው የአንድን ሥራ ሁለት ቅጂዎች ስታነጻጽሩ ከቫዮሊኑ ሥር ያለው ነገር የሚለያየው። ይህንን ማነጻጸር እወደዋለሁ፤ ተማሪዎቼንም ያለማቋረጥ አሠራቸዋለሁ።

ሃርፕሲኮርዱን ከፒያኖ ለመለየት አሠራሩን ማወቅ ይበቃል። ቁልፉን ስትጫኑ በጀርባ በኩል ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወደ ላይ ይነሣል። በዘንጉ ላይ ከወፍ ላባ የተቀረጸች ሹል ነገር አለች፤ አውታሩን ከሥር ወደ ላይ ትቆነጥረዋለች። ጣታችሁን ስታነሡ ዘንጉ ይወርዳል፣ ላባዋ ሁለተኛ ሳትቆነጥር ሸርተት ብላ ታልፋለች፣ ዘንጉ ላይ ያለችው ቁራጭ ጨርቅም አውታሩን ነክታ ድምፁን ታፍናለች። ፒያኖ ግን አውታሩን በመዶሻ ይመታል። ልዩነቱ ከባድ ውጤት አለው፦ በሃርፕሲኮርድ ላይ ቁልፉን በኃይልም ጫኑት በቀስታ፣ የድምፁ መጠን ያው ነው። ታዲያ ተጫዋቹ አንዱን ኖታ ከሌላው እንዴት ያጎላዋል? በጊዜ ነው። ከኖታው በፊት ለቅጽበት ይቆያል፣ ወይም ኖታውን ከሌሎቹ አስረዝሞ ይይዘዋል፣ ወይም ኮርዱን በብዙ ድምፆች ያወፍረዋል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሃርፕሲኮርድ «ደረቅ» አይሆንባችሁም፤ እነዚያን ጥቃቅን መዘግየቶች መስማት ትጀምራላችሁ።

ፒያኖም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። የፍሎረንሱ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ በ1700 አካባቢ ሠራው፤ ከሠራቸው ውስጥ ሦስቱ ዛሬም በኒው ዮርክ፣ በሮምና በላይፕሲግ ሙዚየሞች ይገኛሉ። የባሮክ ደራሲዎች የቁልፍ ሥራዎቻቸውን የጻፉት ግን በአብዛኛው ለሃርፕሲኮርድ፣ ለኦርጋንና በጣም በለሆሳስ ለሚናገረው ለክላቪኮርድ ነበር።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በጆሮ መለየት

በባህላዊው በገና ላይ የሚዘረጋው አውታር ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው። የባሮክ ቫዮሊንና ሴሎም አውታራቸው የበግ አንጀት ነበር። ብረት የለመደ ጆሮ ልዩነቱን በመጀመሪያ የሚሰማው በኖታው መነሻ ላይ ነው፤ አንጀት ድምፁን ከማውጣቱ በፊት ትንሽ ይፋተጋል፣ እንደ ሰው ንግግር ተነባቢ አለው። ከአንጀት ጋር የሚሄደው ደጋንም ዛሬ ከምናየው ይለያል፤ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ ጫፉ ላይ ቀለል ያለ ነው። ደጋኑ ወደ ጫፉ ሲሳብ ድምፁ በራሱ ይሳሳል። ስለዚህ ረጅም ኖታ ተነሥቶ፣ አብጦ፣ ይከስማል እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሆኖ አይዘረጋም። ቅጂ ስትመርጡ «በዘመኑ መሣሪያዎች» የሚል መግለጫ ካለው እሱን ያዙ። ቅኝቱ ከዘመናዊው ኦርኬስትራ ግማሽ ድምፅ ገደማ ዝቅ ብሎ ሊሰማችሁ ይችላል። ዛሬ በዓለም ላይ የተለመደው ላ 440 ኸርትዝ (በሴኮንድ 440 ርግብግቢት) ሲሆን፣ የባሮክ ተጫዋቾች በአብዛኛው በ415 ይቃኛሉ።

ቪዮላ ዳ ጋምባን ከሴሎ መለየት አስቸጋሪ ነው ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ጋምባው ስድስት ወይም ሰባት አውታር አለው፤ አንገቱ ላይ የአንጀት ክር ዙሪያውን እየታሰረ የጣት ቦታ ተለይቶበታል፤ ደጋኑ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ይያዛል። በክሩ ምክንያት ጣት የተጫነውም አውታር እንደ ባዶ አውታር ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከሴሎ ቀጠን ይላል፣ ለቅሶም ይበዛበታል። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ያገለገለው ማረን ማሬ ከ1686 እስከ 1725 ለዚህ መሣሪያ አምስት መጻሕፍት አሳትሟል። ለአንድ ምሽት አንዱን ቁርጥራጭ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ትንፋሽ ከሚፈልጉት ውስጥ ሪኮርደርን፣ ከእንጨት የተሠራውን አግድም ፍሉት፣ ኦቦንና ባሱንን ታገኛላችሁ። በእነሱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ትራምፔቱ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ትራምፔት የሚጫኑት ቁልፍ አልነበረውም፤ ረጅም የተጠማዘዘ ቱቦ ብቻ ነው። ከእንዲህ ያለ ቱቦ የሚወጡት ድምፆች ዝቅ ባለው በኩል እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ ከፍ ባለው በኩል ደግሞ ይቀራረባሉ። ዜማ መጫወት የሚቻለው በተቀራረቡበት ቦታ ስለሆነ ትራምፔቶቹ ሁልጊዜ ከላይ፣ ከሰማይ ጥግ ይጮኻሉ። የሚያደርጉት ሁሉ በከንፈር ነው። የባኽን ሁለተኛ የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶ (አንድ ወይም ጥቂት መሣሪያዎች ከብዙዎቹ ተለይተው የሚጫወቱበት ሥራ) ስሙ፤ ትራምፔት፣ ሪኮርደር፣ ኦቦና ቫዮሊን እኩል ጓደኛሞች ሆነው ይጫወታሉ። በመካከለኛው ክፍል ትራምፔቱ ዝም ይላል፤ ከንፈሩን ሊያሳርፍ ይገባዋል።

የሙዚቃውን ዓይነት መለየት

እዚህ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከቤዙ በላይ ስንት ናቸው፣ ምንስ ያደርጋሉ?

ከቤዙ በላይ ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቫዮሊኖች፣ የምትሰሙት ትሪዮ ሶናታ ነው። በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው፤ ቤዙን ሁለት ሰው ስለሚጫወተው ግን መድረክ ላይ አራት ሰዎች ታያላችሁ። አርካንጄሎ ኮሬሊ ሮም ተቀምጦ ከ1681 እስከ 1694 በአራት መጻሕፍት 48 ትሪዮ ሶናታዎች አሳተመ። ብዙዎች ጀማሪን ወደ ባኽ ይልካሉ፤ እኔ ወደ ኮሬሊ ነው የምልከው። መስመሮቹ ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዱም በግልጽ ይሰማል። ሁለቱ ቫዮሊኖች ተቀራርበው እየተጋጩና እየተፈቱ ሲወጡ፣ ቤዙ ከሥራቸው በእኩል እርምጃ ሲራመድ ስሙ። ግጭቱ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ ቤዙ አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ ነው።

ጥቂቶች ተጫውተው ብዙዎች የሚመልሱላቸው ከሆነ ኮንቸርቶ ግሮሶ ነው። የኮሬሊ 12 ኮንቸርቶዎች በ1714፣ እሱ በሞተ በዓመቱ፣ አምስተርዳም ላይ ታተሙ። ስምንተኛው ለልደት ሌሊት የተጻፈ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው የእረኞች ሙዚቃ ከሥሩ ሳይነቃነቅ የተያዘ ረጅም ቤዝ አለው፤ የጣሊያን እረኞች በልደት ሰሞን የሚነፉትን ከረጢታማ ዋሽንት ይመስላል።

አንድ ሰው ከሁሉ ተለይቶ የሚጫወት ከሆነ የብቸኛ ኮንቸርቶ ነው፤ የዚህም ጌታ የቬኒሱ አንቶኒዮ ቪቫልዲ ነው። ከ1703 ጀምሮ ኦስፔዳሌ ዴላ ፒዬታ በሚባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ልጃገረዶችን ቫዮሊን ያስተምር ነበር፤ 500 ገደማ ኮንቸርቶዎችም ጽፏል። «አራቱ ወቅቶች» በ1725 ታተሙ። «ጸደይ»ን ስትሰሙ የመክፈቻውን አጭር ዜማ በቃላችሁ ያዙ። ሁሉም አብረው የሚጫወቱት ያ ዜማ ሪቶርኔሎ ይባላል፤ በመካከል ወፎች ይመጣሉ፣ ምንጭ ይፈስሳል፣ ነጎድጓድ ይጮኻል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ግን ሪቶርኔሎው ወይም ቁራጩ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር እጃችሁን አንሡ። የፈጣን ኮንቸርቶ ክፍል ቅርጽ በዚህ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተሠራ ይመስላል፤ ቤዝ የለውም። ሴሎውም ሃርፕሲኮርዱም ዝም ብለዋል። እረኛው ተኝቷል፤ ብቸኛው ቫዮሊን እሱ ነው። ሌሎቹ ቫዮሊኖች የቅጠል ሽውታ ናቸው። ከሁሉ ዝቅ ብላ የቀረችው ቪዮላ ሁለት ሁለት ኖታ ጠንከር አድርጋ ትደጋግማለች፤ የእረኛው ውሻ ናት፣ ትጮኻለች። ይህን ክፍል ቤዝ መከተል ከለመዳችሁ በኋላ ስትሰሙት መሬቱ ከሥራችሁ እንደጠፋ በሰውነታችሁ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ክፍል ሲጀምር ቤዙ ረጅም ኖታ ይዞ ይመለሳል።

ስዊት የጭፈራ ስብስብ ነው፦ አልማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ጂግ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መለየት ብትችሉ ሳራባንዱን ምረጡ። በዝግታ እስከ ሦስት ቁጠሩ፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ባኽ ለሴሎ ብቻ ስድስት ስዊቶች ጽፏል፤ ያለ ሃርፕሲኮርድ፣ ያለ ማንም። ታዲያ ቤዙ ወዴት ሄደ? የአንደኛውን ስዊት ፕሬሉድ (መክፈቻ) ስጫወት የመጀመሪያዋ ኖታ ባዶ የሶል አውታር ናት፤ ሁለተኛዋ ባዶ የሬ አውታር፤ ሦስተኛዋ ላይ ብቻ ጣቴ ያርፋል። በአራት ባር (በኖታ ላይ በመስመር የሚለዩ የምት ክፍሎች) ውስጥ ላይኞቹ ድምፆች ይለዋወጣሉ፣ ያቺ የታችኛዋ ሶል ግን ደጋግማ ትመለሳለች። ባኽ ቤዙን እዚያው ውስጥ ደብቆታል። ጆሯችሁ በመካከል ያለውን ሩጫ ትቶ ሶልን ብቻ ይጠብቅ።

ፉግ አንድ አጭር ዜማን፣ ርዕሱን፣ ድምፆቹ ተራ በተራ እየተቀባበሉ የሚያነሡበት ሙዚቃ ነው። የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ፤ አጭር ካለው ጀምሩ። በ1722 ከተጠናቀቀው የባኽ የፕሬሉድና የፉግ መጽሐፍ የዶ ማይነሩን ፉግ ውሰዱ፤ 31 ባር ብቻ ነው። መካከለኛው ድምፅ ርዕሱን ብቻውን ይላል። ላይኛው ይቀበለዋል። ቤዙ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ እሱ ሲገባ ቤቱ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ ርዕሱ የማይሰማባቸው ቦታዎች ይመጣሉ፤ አትጨነቁ፣ ጠብቁት። ወደ ማብቂያው ቤዙ ርዕሱን አንድ ጊዜ በሙሉ ክብደት ይወስደዋል፤ በመጨረሻም ቤዙ በአንድ ኖታ ላይ ቆሞ ላይኛው ድምፅ ይሰናበትበታል።

ይህን ሁሉ ከለመዳችሁ የብራንደንቡርግ አምስተኛውን ክፈቱ። ባኽ ስድስቱን ኮንቸርቶዎች በመጋቢት 1721 ለብራንደንቡርጉ ማርግራቭ (የጀርመን መስፍን) በስጦታ ላከ። በአምስተኛው ፍሉት፣ ቫዮሊንና ሃርፕሲኮርድ ብቸኞች ናቸው። ሃርፕሲኮርዱ እንደ ልማዱ ከሥር አጃቢ ሆኖ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ሩጫው ይበዛል፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ያፈገፍጋሉ፣ በመጨረሻም 65 ባር ብቻውን ይጫወታል። ዘመኑን ሙሉ ኮርድ ሲሞላ የኖረ መሣሪያ የቁርጥራጩ ባለቤት ሲሆን መስማት ያስደንቃል። ግራ እጁን ተከታተሉ።

የባኽን ሥራዎች በዘመኑ መሣሪያዎች፣ በጥሩ ምስልና ድምፅ፣ የኔዘርላንድስ ባኽ ማኅበር በኢንተርኔት በነፃ ያቀርባል፤ ተጫዋቾቹን እያያችሁ ማን መቼ እንደሚገባ መለየት ቀላል ይሆናል። የቆዩ የኖታ መጻሕፍትም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ኮሬሊ በ1700 ያሳተማቸውን የቫዮሊን ሶናታዎች ፈልጉ፤ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ከላይ ቫዮሊን፣ ከታች ቁጥር ያለው ቤዝ። አሥራ ሁለተኛው «ፎሊያ» ነው፤ በአንድ የታወቀ ቤዝ ላይ የተሠሩ ልዩነቶች። ኖታ ማንበብ ባትችሉም መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ በዓይን ይታያል። ጣታችሁን ታችኛው መስመር ላይ አድርጋችሁ ቅጂውን ክፈቱ፤ ቤዙ የቫዮሊኑን ሩጫ ተቀብሎ የሚሮጥባቸው ልዩነቶች ላይ ስትደርሱ ጣታችሁን ማፍጠን ይኖርባችኋል።